ስብን በሚዛን የመረመረው ሸቭረል

ሳሙና የማይገባበት ቤት የለም። ልብስ ይታጠብበታል፣ ገላ ይታጠብበታል፣ አራስና ሕፃን ይጠበቅበታል። እጅን በሳሙና መታጠብ ተቅማጥንና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎችን ለመከላከል ከሚያስችሉት ዘዴዎች መካከል ርካሹና አስተማማኙ መሆኑን የጤና ባለሙያዎች በየጊዜው ያስገነዝባሉ። ይሁን እንጂ ስብና የአመድ ውሃ አብረው ሲፈሉ ስብነቱ ቀርቶ ቆሻሻ አስለቃቂ የሚሆነው በምን ምክንያት እንደሆነ የሰው ልጅ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሳያውቅ ኖሯል። ሥራውን ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም።

ይህን ምስጢር የገለጠው ሚሼል ኡጄን ሸቭረል የተባለ የፈረንሳይ ተወላጅ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ሸቭረል 102 ዓመት የኖረ፣ ከዚህም ውስጥ ከሰማንያ የሚበልጠውን በምርምር ያሳለፈ ሰው ነበር። የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ በየአካባቢያቸው የሳሙና ሥራ ለጀመሩም ሆነ ለመጀመር ላሰቡ የገበሬ ማኅበራት ብዙ ትምህርት የሚሰጥ በመሆኑ ከዚህ በታች በአጭሩ እናቀርበዋለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሸቭረል ነሐሴ 31 ቀን 1786 በምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው አንዤ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላው የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። አብዮቱን የተቃወሙት የቫንዴ አማፅያን በ1793 የተወለደባትን ከተማ ከበቧት፤ ልጁም የጦርነትን መከራ ገና በጨቅላነቱ አየ። ከዚያ በኋላ አብዮታዊው መንግሥት በየአውራጃው ካቋቋማቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ገብቶ ሳይንስን ተማረ።

በ1803፣ በ17 ዓመቱ፣ ወደ ፓሪስ ሄዶ በታዋቂው ኬሚስት በቮክላን ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመረ። ቮክላን ራሱ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ የወጣና በትጋቱ ለታላቅ ደረጃ የበቃ ሰው ነበር። ወጣቱ ሸቭረል ከእሱ የተማረው ዋና ነገር ትዕግሥት ነው፤ አንድን ነገር ደጋግሞ ማጣራት፣ ደጋግሞ መመዘን፣ ያገኘውንም ሳያዛቡ መመዝገብ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ከዚህ ተቋም ጋር የነበረው ግንኙነትም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቋረጠም።

ሳሙና በዚያን ዘመን

በዚያን ዘመን ሳሙና ሠሪዎች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በልምድ ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው የማርሴይ ከተማ በወይራ ዘይት ሳሙናዋ በአውሮፓ ሁሉ የታወቀች ነበረች። ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ሎሌ ይወርዳል። ሳሙናው መብሰል አለመብሰሉን፣ አልካሊውም መብዛት ማነሱን ባለሙያው በዓይኑ አይቶ፣ በምላሱም ቀምሶ ይፈርድ ነበር። ምላስን ካቃጠለ አልካሊው በዝቷል ማለት ነው።

አልካሊ የሚባለው ስብን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኃይለኛ ነገር ነው። ከእንጨት አመድ የሚገኘው ፖታሽ፣ ከባሕር ዳር ተክሎች አመድ የሚገኘው ደግሞ ሶዳ ይባላል። ኒኮላ ለብላን የተባለ ፈረንሳዊ በ1791 ሶዳን ከተራ ጨው የማውጣት ዘዴ አስመዝግቦ ነበር። ለብላን ከሥራው ሳይጠቀም በችግር ተቆራምዶ በ1806 ራሱን ቢያጠፋም፣ ዘዴው ተስፋፍቶ ሶዳ በብዛትና በርካሽ መገኘት ጀመረ። እንግዲህ አልካሊው ተገኝቷል። ያልታወቀው ስብ ራሱ ነበር።

የጊዜው ሊቃውንት ስብ አንድ ወጥ ነገር እንደሆነና ሳሙናም ስብ እንዳለ ከአልካሊ ጋር ተጣብቆ የሚሠራ ድብልቅ እንደሆነ ያምኑ ነበር። ሼለ የተባለው የስዊድን ኬሚስት የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር አፍልቶ ጣፋጭ ፈሳሽ ማግኘቱን በ1783 ጽፎ ነበር። ነገር ግን ይህ ጣፋጭ ነገር ከየት እንደመጣ በሚገባ ያስረዳ ሰው አልተገኘም።

ስብ አንድ ነገር አይደለም

በ1811 ሸቭረል ከአሳማ ስብና ከፖታሽ የተሠራ ሳሙና እንዲመረምር ተሰጠው። ሳሙናውን በብዙ ውሃ ሲበጠብጠው ከፊሉ ሟሟ፤ ከፊሉ ግን እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር ሆኖ ከሥር ዘቀጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝቃጩን ደፍቶ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ሸቭረል ግን ዝቃጩን ለይቶ አሲድ ጨመረበት። ያን ጊዜ የወጣው ነገር ስብ ይመስላል እንጂ ቀድሞ የነበረው ስብ አልነበረም። በአልኮል ይሟሟል፤ ከአልካሊ ጋርም ወዲያው ይዋሃዳል። ይህ የአሲድ ጠባይ ነው።

በዚህ መነሻነት ሸቭረል ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ ምርምር ጀመረ። የበሬ ሞራ፣ የበግ ስብ፣ ቅቤ፣ የሰው ስብ፣ የዶልፊን ዘይት፣ አንዱም አልቀረውም። ሁሉንም ከአልካሊ ጋር እያፈላ፣ በአሲድ እየለየ፣ ያገኘውን በሚዛን እየመዘነ መዘገበ። በ1823 ይህን ሁሉ ጠቅልሎ ስለ እንስሳት ስብ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ።

ያረጋገጠውም የሚከተለውን ነው። ስብ በአልካሊ ሲፈላ በሁለት ዓይነት ነገሮች ይከፈላል። አንደኛው የስብ አሲድ ነው። ይህ ከአልካሊው ጋር ተዋሕዶ ሳሙና ይሆናል። ሁለተኛው ሼለ ያገኘው ጣፋጭ ፈሳሽ ሲሆን፣ ሸቭረል ግሊሰሪን የሚል ስም አወጣለት። ስለዚህ ሳሙና ማለት የስብ አሲድና የአልካሊ ውሁድ ነው እንጂ ስብና አልካሊ እንዲሁ የተቀላቀሉበት ነገር አይደለም።

የስብ አሲዶችም ብዙ ዓይነት መሆናቸውን ለየ። ሞራን ጠንካራ የሚያደርገው በአብዛኛው ስቴሪክ አሲድ የተባለው ነው። ዘይትን ፈሳሽ የሚያደርገው ደግሞ ኦሌይክ አሲድና መሰሎቹ ናቸው። ቅቤ ሲቆይ የሚያመጣውን መጥፎ ሽታ የሚሰጠው ቡቲሪክ አሲድ የተባለው መሆኑንም ያስረዳ እሱ ነው። ቅቤ ሲበላሽ ይህ አሲድ ከግሊሰሪኑ ይለያይና ለአፍንጫ ይደርሳል።

ሚዛኑና ቴርሞሜትሩ

ሸቭረል ያገኘው ነገር ንጹህ መሆኑን በምን አወቀ? ከእሱ በፊት የነበሩት በመልክና በሽታ ይፈርዱ ነበር። እሱ ግን እያንዳንዱን የስብ አሲድ ደጋግሞ ካጠራ በኋላ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚቀልጥ ይለካል። የሚቀልጥበት ሙቀት ባጠራው ቁጥር ከተለወጠ ነገሩ ገና ድብልቅ ነው። መለወጡን ካቆመ ንጹህ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ዘዴ ዛሬም በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች ይሠራበታል።

ሚዛኑም ሌላ ያልታሰበ ነገር ገለጠለት። ከአንድ የተመዘነ ስብ የተገኘው የስብ አሲድና ግሊሰሪን አንድ ላይ ሲመዘን ከመጀመሪያው ስብ ጥቂት በልጦ ተገኘ። ሸቭረል ይህን እንደ ስህተት ቆጥሮ አላለፈውም። ደጋግሞ መዘነ፤ ውጤቱም ያው ሆነ። በመሆኑም ስብ በሚከፋፈልበት ጊዜ ውሃም አብሮ እንደሚገባበት ተረዳ። ዛሬ እንደሚታወቀው አንድ የስብ ቅንጣት አንድ ግሊሰሪን ሦስት የስብ አሲዶችን ይዞ የተሠራ ሲሆን፣ ሲለያዩ የውሃ ክፍሎች በመካከላቸው ይገባሉ።

ሁሉም ነገር ግን በእሱ አላለቀም። ማርጋሪክ ብሎ የሰየመው አሲድ በእርግጥ የሁለት አሲዶች ድብልቅ መሆኑን ሃይንትስ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1850ዎቹ አረጋገጠ። ይህንንም ያረጋገጠው ራሱ ሸቭረል ባስተማረው መንገድ፣ ይኸውም ይበልጥ አጥርቶ በመለካት ነበር። ማርጋሪን የተባለው የዳቦ ቅባት ስሙን ያገኘው ከዚሁ አሲድ ነው።

ጭስ ከሌለው ሻማ እስከ ግሊሰሪን

የሸቭረል ዕውቀት ከመጻሕፍት ወጥቶ ወደ ሰፊው ሕዝብ ቤት የገባው በመጀመሪያ በሻማ በኩል ነበር። በዚያን ጊዜ ድሃው ሕዝብ ቤቱን የሚያበራው በሞራ ሻማ ነበር። የሞራ ሻማ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ በቀላሉ ይቀልጣል። የሰም ሻማ ለባለጸጎችና ለአብያተ ክርስቲያናት ብቻ የሚበቃ ውድ ዕቃ ነበር። ሸቭረልና የሙያ ባልደረባው ጌ ሉሳክ ከሞራ ጠንካራውን የስብ አሲድ ለይተው ሻማ ለመሥራት በ1825 የፈጠራ መብት አወጡ። ሆኖም ዘዴያቸው ወጪው ስለከበደ በገበያ አልተሳካላቸውም።

በ1830ዎቹ ደ ሚዪና ሞታር የተባሉ ሁለት ሰዎች በውዱ አልካሊ ፋንታ ርካሹን ኖራ በመጠቀም ሥራውን አሳኩት። ነጭ፣ ጠንካራና ጭስ የማያበዛ ሻማ በየገበያው ተሠራጨ። ለዚህ ኢንዱስትሪ መሠረት በመጣሉ አንድ የፈረንሳይ የኢንዱስትሪ ማበረታቻ ማኅበር በ1852 ለሸቭረል የ12,000 ፍራንክ ሽልማት ሰጠው።

ግሊሰሪንም ከዚያ በኋላ ዋጋ አገኘ። ለብዙ መቶ ዓመታት ሳሙና ሠሪዎች ግሊሰሪን ያለበትን ዝቃጭ ውሃ እንደማይጠቅም ቆሻሻ ሲደፉት ኖረዋል። ከ100 ኪሎ ግራም ስብ ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ግሊሰሪን ይገኛል። ዛሬ ግሊሰሪን ለመድኃኒት፣ ለቆዳ ቅባትና ለብዙ የፋብሪካ ሥራ የሚያገለግል ተፈላጊ ዕቃ ነው። በቀዝቃዛው ዘዴ በእጅ በሚሠራ ሳሙና ውስጥ ግሊሰሪኑ እዚያው ስለሚቀር ቆዳን ያለሰልሳል።

ዓይንና እጅ ሲያታልሉ

ሸቭረል በ1824 ጎብላን በሚባለው የመንግሥት የሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ጥቁሩ ክር ጥላውን ለማሳየት በሰማያዊና በሐምራዊ መካከል ሲገባ ደብዝዞ ይታያል፤ ማቅለሚያው ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ክሩን ከሌሎች ፋብሪካዎች ክር ጋር አስተያይቶ ሲመረምረው ቀለሙ ጉድለት አልተገኘበትም። ደብዝዞ የሚታየው ጎኑ ባለው ቀለም ምክንያት እንደሆነ ደረሰበት። ይህን ጥናቱን በ1839 በመጽሐፍ አወጣ። ሸማኔዎችና ሠዓሊያን እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት ትምህርት ሆነ።

ሌላው ምርምሩ በክር የታሰረ ቀለበት ወይም ባላ እንጨት ይዘው የከርሰ ምድር ውሃ እናገኛለን የሚሉትን ሰዎች የሚመለከት ነበር። ሸቭረል ራሱ በክር ያንጠለጠለው ነገር በእጁ ላይ ሲወዛወዝ አየ። ከዚያም ዓይኑን አስሸፍኖ ሲሞክረው መወዛወዙ ቀረ። የሚያንቀሳቅሰው ሳያውቀው የሚንቀሳቀሰው የራሱ እጅ መሆኑን ተረዳ። ይህን በ1833 አሳተመ፤ በ1854ም ሰፋ ባለ መጽሐፍ አብራራው። ሰዎቹን አጭበርባሪ ብሎ አልኮነነም። ሰው ሳይዋሽም ራሱን ሊያታልል እንደሚችል ግን አሳየ።

የኋለኛው ዘመኑ

በ1870 ፕሩስያ ፈረንሳይን ወግታ ፓሪስን ስትከብብ ሸቭረል የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ነበር። ዕድሜው 84 ቢሆንም ከተማዋን ጥሎ አልሸሸም። በጥር 1871 መድፍ የቤተ መዘክሩን የዕፅዋት ቤቶች ሲያፈርስ ድርጊቱን የሚያወግዝ መግለጫ በሳይንስ አካዳሚው መዝገብ እንዲሰፍር አደረገ።

በ1886 መቶ ዓመት ሲሞላው በፓሪስ ታላቅ በዓል ተደረገለት። ከብዙ አገሮች የመጡ ሊቃውንት ተገኙ፤ በስሙም ሜዳሊያ ተቀረጸ። እሱ ግን ራሱን የፈረንሳይ ተማሪዎች ሁሉ አንጋፋ እያለ መጥራትን ይመርጥ ነበር። አንድ ልጁ ጥቂት ቀደም ብሎ ከሞተ በኋላ፣ ሸቭረልም ሚያዝያ 9 ቀን 1889 በተወለደ በ102 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት በተመረቀው የኤፌል ግንብ ላይ ስማቸው ከተጻፈው 72 የሳይንስና የምህንድስና ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ሳሙና እንዴት ያጸዳል?

ሸቭረል በከፈተው በር የገቡት ሊቃውንት ሳሙና የሚያጸዳበትን መንገድ አብራርተዋል። የሳሙና ቅንጣት እንደ እባብ ራስና ጅራት አላት ብንል ይቀላል። ራሷ ውሃ ትወዳለች፤ ረጅሙ ጅራቷ ደግሞ ስብ ይወዳል። ልብስ ላይ ያለው እድፍ በአብዛኛው በቅባት ተጣብቆ የያዘ ነው። ጅራቶቹ ቅባቱ ውስጥ ይሰካሉ፤ ራሶቹ ወደ ውሃው ይጎትቱታል። እድፉም ተከቦ ከልብሱ ይለቅና ከውሃው ጋር ይሄዳል።

በአንዳንድ ቦታ ሳሙና አረፋ አላወጣ ብሎ እንደ እርጎ የሚቋጠርበት ምክንያትም ይኸው ነው። ውሃው ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲበዛ ከስብ አሲዱ ጋር ተዋሕዶ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል። ችግሩ ከሳሙናው ሳይሆን ከውሃው ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የዝናብ ውሃ አጠራቅሞ ማጠብ ሳሙና ይቆጥባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመን ስብ ሲያጥራት የጀመረችውና ኋላ የተስፋፋው ሰው ሠራሽ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ግን በእንዲህ ያለ ውሃም ይሠራል።

በአገራችን እናቶች ከጥንት ጀምሮ ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። አረፋ የሚያወጣው ከስብ የተሠራ ሳሙና ሳይሆን በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ነገር ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፣ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ለማኅበሮቻችን የሚጠቅመው ቁም ነገር

ሸቭረል ለሳሙና ሠሪ ያወረሰው ዋና ነገር በግምት ፋንታ ልኬትን ነው። እያንዳንዱ ቅባት የስብ አሲዱ የተለያየ ስለሆነ የሚፈልገው አልካሊም ይለያያል። ለ1 ኪሎ ግራም የበሬ ሞራ ወደ 140 ግራም ንጹህ ኮስቲክ ሶዳ ሲያስፈልግ፣ ለ1 ኪሎ ግራም የኮኮናት ዘይት ግን ከ180 ግራም በላይ ያስፈልጋል። አልካሊው ከልኩ ካለፈ ሳሙናው የእናቶችን እጅና የሕፃናትን ቆዳ ያቃጥላል። ካነሰ ደግሞ ቅባቱ ሳይለወጥ ይቀርና ሳሙናው ይዝላል፣ ውሎ አድሮም ይሸታል። በፖታሽ የተሠራ ሳሙና ለስላሳ፣ በሶዳ የተሠራው ጠንካራ መሆኑንም ማወቅ ይገባል።

ስለሆነም የሳሙና ሥራ የጀመረ ማኅበር ከሁሉ በፊት ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ትክክለኛ ሚዛን ነው። ቅባቱም፣ ሶዳውም፣ ውሃውም በየጊዜው ተመዝኖ በመዝገብ ይስፈር። ኮስቲክ ሶዳ ሥጋንና ዓይንን የሚያበላሽ ስለሆነ ሠራተኛው ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ ሕፃናት አይቅረቡ። ሶዳውን ወደ ውሃ መጨመር እንጂ ውሃን በሶዳ ላይ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም፤ ፈልቶ ይረጫል። የአሉሚኒየም ዕቃን ስለሚበላው በአሉሚኒየም ድስት መሥራትም አይገባም። በቀዝቃዛው ዘዴ የተሠራ ሳሙና ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ተከማችቶ ይረፍ።

አንድ ሳሙና ጥሩ ሆኖ ሲወጣ፣ ሌላው ሲበላሽ፣ ምክንያቱን ከዕድል ወይም ከሰው እጅ ከመፈለግ በፊት መዝገቡን መግለጥ ይገባል። የመጀመሪያው ስንት ግራም ነበር፣ ሁለተኛውስ? ሸቭረል ከአሥር ዓመት በላይ በየቀኑ ሚዛን ላይ ቆሞ የሠራው ይህንኑ ነው። የደረሰበት ዕውቀት ዛሬ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ሚዛንና መዝገብ ይዞ ለሚሠራ ማኅበር ሁሉ የተከፈተ ነው።